ልጄ ማዳመጥን በስልክ ስትማር

ልጄ የተጨነቀ ሰው ሰምቶ የመርዳትን ሙያ በኢንተርኔት ልማር ስትለኝ ሳቅሁባት። ከዚህ የምጀምረው፣ ጥፋቱን መጨረሻ ላይ ብቻ የሚናገር ሰው እንዳልሆን ነው። እኔ ራሴ አንድም ቀን መምህር ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ወናጎ ገበያ ስኳርና ጨው ይጠቀለልበት ከነበረ ጋዜጣ ላይ ነው። አናጢነቱንም ዲላ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አናጢ ደጃፍ ላይ ቆሜ እጁን በማየት ተማርኩ፤ ሲያባርረኝ እየሄድኩ፣ ዞር ሲል እየተመለስኩ። እንዲህ ሆኖ ለእንጀራ የበቃ ሰው፣ ልጁ በመዳፏ በያዘችው ስልክ ልትማር ስትነሳ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔን ግን ደስ አላለኝም። እኔ ባልሄድኩበት መንገድ የሚገኝን ዕውቀት ዕውቀት ብዬ ለመጥራት ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

"ሰው በስልክ ሐኪም ይሆናል?" አልኳት።

"ሐኪም አልሆንም አባ። የሥነ ልቦና አማካሪ ነው የምሆነው።"

"አማካሪማ እኔ አለሁ። ይህን ሰፈር በሙሉ የሚመክረውና የሚያስታርቀው ማን ሆነና!"

"አንተ ነህ" አለች። "ግን አንዴ አንተ ጋ የመጣ ሰው ሁለተኛ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።"

ባለቤቴ ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት። እኔ መላጊያዬን አንሥቼ ወደ ሥራ ቤቴ ወጣሁ።

ይህ የሆነው ሚሊኒየሙ ከተከበረ ዘጠኝ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ልጄ ዲላ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ባሏ ገደብ ከተማ ስለሚሠራ በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ይመጣል። እሷ ከእኛ ጋር የምትኖርበትን ምክንያት ደግሞ ልናገር። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው በሚለው ልማዳችን መሠረት፣ ከአንድ ዓመት በፊት ነፍሰ ጡር ሆና ወደ እኛ መጣች። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም።

በቀዶ ጥገና ወለደች። እሷ ገና ከማደንዘዣው ሳትነቃ ነርሷ ጠቅልላ ያወጣችልኝ ሕፃን ሕይወት አልነበራትም። ሴት ነበረች። ነርሷ እናቲቱ ስትነቃ እንደምትነግራት፣ ማየት ከፈለገችም እንደምታሳያት ስትገልጽልኝ፣ "አባቷ ነኝ፤ እኔ እነግራታለሁ" አልኩ። ነርሷም አመነችኝ። በአካባቢያችን ሞቶ ለተወለደ ሕፃን ድንኳን አይተከልም፤ ለቀስተኛም አይመጣም። ሁለት ሦስት ወንዶች ወስደው ይቀብሩታል፤ እናቲቱ "ሌላ ይስጥሽ" ትባላለች፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እኔም ባሏ ከገደብ እስኪደርስ እንኳ ሳልጠብቅ፣ ሕፃኗን ይዤ ከወንድሜ ጋር ወናጎ ወዳለው የአባታችን መሬት ሄድኩና እንሰቱ መሐል ቀበርናት። ምልክት አላደረግንም።

ቤት ስገባ ለሁሉም ትእዛዝ ሰጠሁ። ስለ ሕፃኗ ማንም ቃል እንዳያወጣ፤ ወንድ ትሁን ሴት ለእናቷ እንዳይነገራት። ምን እንደነበረ ካላወቀች በሐሳቧ አታሳድገውም ብዬ ነው። ወንድ ልጅ ወይም ሴት ልጅ ካልሆነ፣ የታመመችው በሽታ ብቻ ይሆንና ቶሎ ትድናለች ብዬ ነው። ማንም አልመከረኝም፤ ሐሳቡ ከራሴ የወጣ ነው። ተዘጋጅተው የነበሩትን ትንንሽ ልብሶችም ለቅሜ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። ባለቤቴ ማልቀስ ስትጀምር "አማኝ ነሽ፤ ተይ" አልኳት። ተወች።

ልጄ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን ጠየቀችኝ።

"አባ፣ ምን ነበር?"

"አታንሺው። እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ሆስፒታል ሄዳ ብትጠይቅ ይነግሯት ነበር፤ ከእኔ አፍ መስማት ፈልጋ እንደቆየች የገባኝ ዘግይቶ ነው። ትታዘዘኛለች፣ ታከብረኛለች፣ ምሳዬን ታቀርብልኛለች። ከዚህ ያለፈ ነገር ግን በመካከላችን አልነበረም። እኔም ዳነች ብዬ ለሰው አወራሁ።

ትምህርቱን የጠቆመቻት አብራት የምታስተምር ጓደኛዋ ናት። ተቋሙ ውጭ አገር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በቪዲዮ ይመጣል፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ያለች አሠልጣኝ ከየከተማው ያሉትን ተማሪዎች በስልክ ሰብስባ ታወያያቸዋለች። እኛ ቤት ኔትወርክ ደህና የሚይዘው የሥራ ቤቴ መስኮት አጠገብ ብቻ ስለነበር፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ይዛ እዚያ ትቀመጣለች፤ እኔም አጠገቧ እልጋለሁ።

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት፣ ወላጆቿ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ጎረቤታችን ይህን እያየች ትቀልድብኝ ነበር።

"ጋሼ! ልጅዎ በስልክ ጠበል ልታጠምቅ ነው አሉ!"

"እኛ ጠበል የለንም" እላታለሁ።

"ታዲያ መጀመሪያ እርስዎን ታጥምቅልን፤ ትንሽ ለስለስ ይበሉልን!"

አንድ ቀን አሠልጣኟ በስልኩ ውስጥ "የሚያናግራችሁ ሰው ቢያለቅስ ምን ታደርጋላችሁ?" ብላ ጠየቀች። አንዱ "አጽናናለሁ" አለ። ሌላዋ "ውኃ እሰጣለሁ" አለች። ሌላው "አብሬው እጸልያለሁ" አለ። አሠልጣኟ ሁሉንም ሰምታ "መጀመሪያ አብራችሁት ተቀመጡ፤ እንዲያለቅስ ተዉት" አለች። እኔ መላጊያዬን ሳላቆም "ለዚህ ደግሞ ትምህርት ያስፈልጋል እንዴ?" አልኩ። ድምፄ ከነመላጊያው ፍጭት እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። ተማሪዎቹ ሳቁ። አሠልጣኟም ሳቀችና "አባትየው ልክ ናቸው፤ ባያስፈልግ ጥሩ ነበር" አለች። ልጄ አልሳቀችም። ደብተሯ ላይ አጎንብሳ ቆየች።

እንዲህ እያለ ዓመት ሊሞላ ሆነ። ለመጨረሻው ፈተና አንድን ሰው ሃያ ደቂቃ አነጋግራ ንግግሩን ቀድታ መላክ ነበረባት። የመለማመጃ ጓደኛዋ ሐዋሳ የምትኖር ተማሪ ነበረች፤ የሚገናኙትም በኢንተርኔት ነው። ልክ በዚያ ሳምንት ኢንተርኔት በየቦታው ተዘጋ። ልጄ ሁለት ቀን ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የበር መቃን እየገጠምኩ ሳለ መጣችና ፊቴ ቆመች።

"አባ፣ ሃያ ደቂቃ ስጠኝ።"

"እየሠራሁ አወራለሁ።"

"እጅህ ሥራ ከያዘ አንተ አትገኝም። ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ጠራርጋ አስቀመጠችና፣ "ይህን እቀዳለሁ። ከአሠልጣኜ በቀር ማንም አይሰማውም። ማቆም ስትፈልግ እናቆማለን። ትፈቅዳለህ?" አለችኝ። ፈቃዴን በዚህ ዓይነት ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም ማንንም እንደዚያ ጠይቄ አላውቅም።

"ምን ላውራ?"

"የከበደህን።"

ዋንዛ እየጠፋ መሆኑን አወራሁ። ወጣቱ ትዕግሥት የለውም አልኩ። ሰው የፕላስቲክ ወንበር እየገዛ የእኛን ሥራ ንቆ መተዉን፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ትውልድም ወገቡ እንደማይጸና አስረዳሁ። እሷ ዓይኔን እያየች ትሰማለች። ስጨርስ የምትለው ነገር ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ። ዝም አለች። ጊዜው ረዘመብኝ።

"ዝም ለማለት ነው ዓመት ሙሉ የተማርሽው?"

"አዎ። በጣም ከባድ ነው" አለች። አሁንም ዝም አለች።

የሰው ዝምታ እንደዚያ የሚጎትት መሆኑን አላውቅም ነበር። ሳላስበው፣ "ወንድሜ ለሥራ ጠርቶኝ ወናጎ ሳልሄድ ቀረሁ" አልኩ።

"ለምን ቀረህ?"

"እግሬ አልታዘዘኝም።"

"እዚያ ስትሆን ምን ይሰማሃል?"

ጥያቄው ከትምህርቷ የመጣ እንደሆነ ከአነጋገሯ ለየሁት። እኔ መሬት መሬት አየሁ። "ዓይኔ ወደዚያ ቦታ ይሄዳል። ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም። ከሰው ጋር አልበላም።" ይህን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም።

ልጄ እጇን ሰደደችና ስልኩን አጠፋችው።

"ይህ ለፈተናው አይደለም አባ። ምን ነበር?"

"ሴት" አልኳት።

ሁለት ዓመት የደበቅሁት ነገር አንዲት ቃል ነበረች። ልጄ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቃሉን ደጋገመችው፦ "ሴት። ሴት ናት።" ከዚያ ቀና አለች።

"ማንን ትመስላለች?"

"አንቺን" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገረው ታምነኝ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖር ነበር። እኔ ልጆቼን ስለ ውሸት የገረፍኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የከለከለኝ መልካምነቴ አይደለም። ዓይኗን እያየሁ መዋሸት ስላቃተኝ ነው።

"አላየኋትም" አልኳት። "ነርሷ እንደሰጠችኝ፣ እንደተጠቀለለች ቀበርኳት። አልገለጥኩትም።"

"ለምን?"

"ፈራሁ።"

"አንተ?"

"እኔ።"

"ስለዚህ ከኛ ቤት ሰው ያያት የለም።"

"ነርሷ አይታታለች።"

"ነርሷማ…" አለችና ሳትጨርሰው ቀረች። አለቀሰች። እኔ "ተይ" ልል አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ያን ማድረጌን እንደ ትልቅ ነገር አልቆጥረውም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ማድረግ የነበረብኝ ነው።

በማግሥቱ ወናጎ ወሰድኳት። መንገድ ላይ ልነግራት የሚገባ ሌላ ነገር ነበረኝ፤ ፈርቼ አልነገርኳትም። ከቀብሩ በኋላ ወንድሜን "ቦታው ባዶ ሆኖ ካየ ሰው ይጠይቃል፤ ትከልበት" ብዬው ነበር። እሱም ቆፍሮ የእንሰት ችግኝ ተከለበት። እንሰት ደግሞ በተተከለበት አይቀርም፤ ሲያድግ ተነቅሎ ራቅ ራቅ ተደርጎ እንደገና ይተከላል። የቀበርናት ከሦስተኛው ረድፍ አጠገብ እንደነበር አስታውሳለሁ። አሁን ግን ያ ረድፍ የለም። ወንድሜ መሬቱን ገልብጦ፣ ረድፉን ቀይሮ፣ በጥሩ ሁኔታ ተክሎበታል። እሱም እኔም ተሟገትን፤ እሱ ወደ ቡናው ጥግ፣ እኔ ወደ አጥሩ ጥግ ጠቆምን።

ልጄ መሐላችን ቆማ ጣታችንን ታያለች።

"አታውቁትም" አለች።

"ከዚህ እስከዚያ ባለው ውስጥ ናት" አልኳት። ከዚህ እስከዚያ ማለት አንድ ክፍል ቤት የሚያህል መሬት ነው። ስለ ረድፉ፣ ስለ አነቃቀሉ፣ ወንድሜ ጥፋት እንደሌለበት ማስረዳት ጀመርኩ።

"አባ፣ በቃ። እባክህ መንገድ ላይ ጠብቀኝ።"

አስፋልቱ ዳር ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ባጃጆችና ሚኒባሶች ያልፋሉ፤ ረዳቶቹ "ዲላ ነህ?" እያሉ ይጠሩኛል፤ ራሴን እነቀንቃለሁ። ምን እንዳደረገች አላየሁም፤ አልጠየቅሁም። ስትመጣ የቀሚሷ ጫፍና ሁለት መዳፎቿ አፈር ነበሩ። ያን ሁሉ መሬት በእጇ ነክታው ይሆናል።

ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቧ አንዲት ቅርጫት የያዘች ሴትዮ ተቀመጠች። ይርጋጨፌ ዘመድ ጠይቃ መመለሷን፣ አራት ልጆች እንዳሏት ሳትጠየቅ ነገረቻት። ከዚያ እንደ ወጉ፣ "አንቺስ፣ ወልደሻል?" አለቻት። እኔ ጠጋ ብዬ ወሬውን ልለውጥ አሰብኩ።

"አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ" አለች ልጄ። "ሞተችብኝ።"

ሴትዮዋ ቅርጫቷን ከጭኗ አውርዳ እግሯ ሥር አስቀመጠች። "ወይኔ እናቴን! ስሟ ማን ነበር?"

ልጄ ስሙን ነገረቻት። ወዲያው ነው የመለሰችው፤ ሳታስብ። መቼ እንዳወጣችው፣ በወናጎው አፈር ላይ ይሁን ከዚያ በፊት፣ አላውቅም። ለእኔ አልነገረችኝም፤ የሰማሁት እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ነው። ስለዚህ እዚህ አልጽፈውም።

ኢንተርኔት ሲከፈት ሌላ ሰው አነጋግራ ፈተናዋን ላከች፤ አለፈች። በዚያው ዓመት ወደ ባሏ፣ ገደብ ሄደች። ዛሬ እዚያ ከማስተማሩ ጎን ለጎን የተጨነቁ ሴቶችን ታነጋግራለች፤ ደጋግመው እንደሚመጡም እሰማለሁ። ለበዓል ስትመጣ ሥራ ቤቴ ገብታ ትቀመጣለች። ስለ እንጨት ትጠይቀኛለች፤ እመልስላታለሁ። ስለ ወናጎ አታነሳም። አንድ ቀን ታነሣለች ብዬ ሥራዬን አቁሜ የምጠብቅበት ጊዜ አለ፤ እሷም ዝም ትላለች፣ እኔም ዝም እላለሁ፤ የእሷ ዝምታ የትኛው እንደሆነ፣ የተማረችው ይሁን እኔ ያስተማርኳት፣ መለየት አልቻልኩም።