በግዕዝ የተቆጠረው ሐሙስ

ያን ሐሙስ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር የነበርነው ዐሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ ስምንት እናቶች፣ የስፖርት መምህርቷ ብርቱካን፣ የቀበሌው ካድሬና እኔ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ግድግዳው ላይ ያስገጠመችውን አግዳሚ እንጨት ይዛ፣ በእግር ጣቶቿ ቆማ፣ ጉልበቷን በዝግታ ስታጥፍና ስትዘረጋ አየኋት። «ባሬ ይሉታል፣ አባባ፤ ለሴት ወገብና ጉልበት ፍቱን ነው» አለችኝ። ዐውቃለሁ አላልኋትም።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ በነአኩቶ ለአብ ደብር የማኅሌት አቋቋም ተምሬ፣ በኋላ በላሊበላ የአማርኛ መምህር የሆንሁ ወጣት ነበርሁ። ብርቱካን ከደሴ ተመድባ መጣች። እናቶች ውኃ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ እያረፉ፣ ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ አየችና የባሕር ዛፍ አጣና በወገብ ልክ ግድግዳው ላይ አስቸነከረች። እሱን ይዘው ተረከዛቸውን ያነሣሉ፤ ጉልበታቸውን ጥቂት ዐጥፈው ጭናቸው እስኪንቀጠቀጥ ይቆያሉ። «ይንቀጥቀጥ! እየበረታ ነው» ትላቸዋለች። ክረምቱ ወጥቶ ኅዳር ሲገባ፣ አምስት የወለዱት ወይዘሮ ጥሩዬ እንስራቸውን አንድ ጊዜም ሳያሳርፉ ዳገቱን ወጡ።

ቆጠራውን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። የግዕዙ ቁጥር ከአማርኛው ስለሚረዝም፣ እግራቸውም ረዘም ላለ ጊዜ ይጸናል። በብልሃቴ እኮራ ነበር።

ያን ቀን ነፋሱ ከአውድማው የገብስ እብቅ ያመጣ ነበር። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ እየቆጠሩ ዝቅ ከፍ ሲሉ ካድሬው ከማዕዘኑ ብቅ አለ።

«ጓድ መምህርት! የመንግሥትን ትምህርት ቤት ማኅሌት አደረጋችሁት?»

ግዕዝ እየተባለ፣ እንጨት ተይዞ፣ ዝቅ ከፍ ሲባል ያየው በአባቱ ደብር ነው፤ ሌላ ሊመስለው አይችልም።

«ሴት ማኅሌት ስትቆም የት አይተሃል፣ አንተ የቄስ ልጅ?» አሉት ወይዘሮ ጥሩዬ። «አባትህን ጠይቃቸው እንጂ!»

ሴቶቹ ሳቁ። በዚያ ዘመን ለካድሬ የቄስ ልጅ መባል ስድብ ነበርና ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን ቆጠራ ያስተማረ ማነው?»

ያስተማረው ወደ ወረዳ ይወሰዳል፤ ከዚያ ማን እንደሚመለስ አይታወቅም።

«እኔ ነኝ» አለች ብርቱካን።

«እስቲ ቁጠሪ።»

«አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ…» ስድስቱ ላይ ስትደርስ ቀጣዩ ጠፋት። ዐይኗን ወደ እኔ አላዞረችም።

«ሰብዓቱ» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ አጣናውን ይዘው ተረከዛቸውን እያነሡ። ሌሎቹም ተከትለው ተነሡ፤ እስከ ዐሠርቱ አደረሱት።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ፣ መምህር?»

«ደብተር ላርም መጥቼ ነው» አልሁት።

ብርቱካንን ይዟት ሄደ። ወደ ሌላ አገር ተዛወረች ተባለ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም። አጣናውንም በማግስቱ አስነቀለው።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን በሙሉ የብራና መጻሕፍት አራሚ ሆኜ የጥንት ሰዎችን ቃል ሳቃና ኖሬአለሁ፤ የራሴን አንድ ቃል ግን ማቃናት አልቻልሁም። ዝምታዬን ሰዎች ትሕትና ይሉታል፤ አላረምኋቸውም። አሁን የምጽፈው፣ የሆነው በልኩ እንዲቀመጥ ነው። ብርቱካን በተወሰደች በሳምንቱ ሐሙስ ከስምንቱ እናቶች አምስቱ መጡ፤ ባዶውን ግድግዳ በመዳፋቸው ተደግፈው ቆሙ። እኔን ጨምራችሁ ስድስት አትበሉ። እኔ በክፍሌ መስኮት ነበርሁ። አምስት ናቸው።