የመምህር ሃን ግጥሞች በአውቶፓርኮ ሰፈር

ልጅ እያለሁ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ የኮሪያኛ ግጥም በቃሌ እወጣ ነበር። ይህን ስናገር የሥራ ባልደረቦቼ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ጎንደር አውቶፓርኮ ተወልዳ ያደገች፣ ሩቅ አገር ሲባል አምባ ጊዮርጊስ የሚመስላት ልጅ ኮሪያኛ ከየት አመጣች? ከአባቷ ነዋ። አባቷስ? እርሱ ደግሞ መምህር ሃን ከሚባል ገጣሚ። የማወራው ለእኔ ዘመን ልጆች ነው። የዚያን ጊዜ አንዲት ወረቀት ምን ያህል ታስፈራ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ታሪኬን እንደ ተረት አይሰማውም።

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ ድሬሰር ውብነህ ይለው ነበር፤ ሆስፒታል ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ ሰው ነው። ከሥራ ሲገባ ከካፖርቱ የሚወጣው የአልኮልና የሐምራዊው የቁስል መድኃኒት ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ጣቶቹም ሐምራዊ ነበሩ፤ ምንም ቢታጠብ አይለቀውም። አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለች ገጠር መዝሙረ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ሳይጨርስ ወታደር ቤት ወሰደው። ከዚያም በንጉሡ ጊዜ ኮሪያ ዘመተ። ያኔ ይህ ሜዳልያ የሚያሰጥ ነገር ነበር። በደርግ ጊዜ ግን "የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ" የሚያሰኝ ሆነ። ራዲዮው የኮሪያ ጓዶችን ሲያሞግስ እሰማ ስለነበር ግራ ገባኝና አባቴን ጠየቅሁት። ኮሪያ ሁለት መሆኗን፣ እርሱ የወጋው ራዲዮው የሚያሞግሳትን መሆኑን ነገረኝና አፌን እንድይዝ አስጠነቀቀኝ። ያዝኩ። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን።

ሜዳልያውን ጓሮ ቀበረው። የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሣውን ፎቶ እናቴ ቀዳድዳ እሳት ውስጥ ጨመረችው። በአንድ ነገር ብቻ አባቴ ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ፣ ጠርዙ የተላላጠ አረንጓዴ ደብተር። ውስጡ ሰባት ግጥም አለ። ላይኛው መስመር ክብ፣ ሳጥንና ዱላ በሚመስሉ ፊደሎች የተጻፈ ኮሪያኛ ነው፤ የመምህር ሃን የእጅ ጽሑፍ። ከሥሩ አባቴ ድምፁን በእኛ ፊደል አስፍሮታል። ከዚያ ሥር የራሱ የአማርኛ ትርጉም አለ። አባቴ ስለ ጦርነቱ ብንጠይቀው እንኳ አያወራም። ስለ መምህር ሃን ግን ካነሣንበት እራቱ ይቀዘቅዛል።

መምህር ሃን የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። አባቱ እንደ እኛዎቹ የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ጭቃ እያቦካ ሰው የሚያክል ጋን ይሠራ ነበር፤ በአገሩ ለክረምት የሚሆነው ጎመን የሚቀመጠው በጋን ነው አሉ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ አገሩን ጃፓኖች ይገዙ ነበርና የእናቱን ቋንቋ በመናገሩ ተገረፈ። ስሙን ሳይቀር ቀየሩት። የመጀመሪያ ግጥሙን የጻፈው ወረቀት ላይ አልነበረም፤ ገና ባልደረቀ የጋን ቂጥ ላይ በስንጥር ጫረው። አባቱ አየ፤ ሳያጠፋው ጋኑን ከሌሎቹ ጋር እሳት አስገብቶ ተኮሰው። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ጉርሻውን ያቆምና አባት ማለት እንዲህ ነው ይለን ነበር።

ልጁ አድጎ አስተማሪ ሆነ። የጻፈውን አንድ ጊዜ ፖሊስ አቃጠለበት፤ እንደገና ጻፈ። ሁለተኛ ጊዜ ጦርነቱ ቤቱን ከነመጻሕፍቱ በላው፤ ሚስቱም በስደት መንገድ ላይ ጠፍታ ቀረች። አባቴ ያገኘው ያኔ ነው፣ በጦሩ ሕክምና ጣቢያ ፋሻ እያጠበ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያስተረጉም። ብርድ ሁለት ጣቶቹን በልቶበት ስለነበር አባቴ በየቀኑ ያሽግለት ነበር። ሰውዬው ግን በቀሩት ጣቶች ብዕር ይዞ ይጽፋል። ቀለሙ በብርድ እየረጋ ሲያስቸግረው ጠርሙሱን ብብቱ ሥር ያሞቀዋል። ስለ ጀግና አይጽፍም። የሚጽፈው ስለ ጫማ፣ ስለ ጋን፣ ስለ እናቱ ነው። አንዱ ግጥሙ፣ አባቴ እንደተረጎመው፣ እንዲህ ይላል፦

ስሜን ቀየሩት፤
እናቴ ግን ሲመሽ ስትጣራ
ተሳስታ በድሮው ትጠራኛለች፤
እኔም ተሳስቼ አቤት እላታለሁ።

አባቴ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል መምህር ሃን ሰባት ግጥም ገልብጦ ሰጠው። ለሌሎች ወዳጆቹም እንዲሁ ያድል ነበር፣ አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ጋ ይተርፋል ብሎ። አባቴን "አንተ አገር እሳት የለም፤ እዚያ አስቀምጥልኝ" አለው። አባቴም በእግዚአብሔር ስም ቃል ገባለት። እሳቱ እኛ ቤት ድረስ ይመጣል ብሎ ማን ያስብ?

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ዓመት የቤት ለቤት አሰሳ ተጀመረ። ማን ቤት ምን እንደተገኘ፣ ማን በአንዲት ወረቀት ሰበብ እንደተወሰደ በሹክሹክታ ይወራል። እናቴ እታበዛ ፊደል ያልቆጠረች፣ ግን ነገር ከሩቅ የሚሸታት ሴት ነበረች። ያንን ደብተር ያየ ሰው የምስጢር ጽሑፍ ነው ይላል እንጂ ግጥም ነው አይልም አለች። እውነቷን ነበር። ለፈረንጅ የገባኸው ቃል ይበልጣል ወይስ ለእኔ የገባኸው ብላ አፋጠጠችው። ኮሪያዊም ለእርሷ ፈረንጅ ነው።  በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባቴ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይለቅ፣ ጓሮ ሆኖ ጠራኝ።

"የሺ፣ ዳዊት ስትደግሚ ግእዙ ይገባሽ ነበር?" አለኝ።

አይገባኝም ነበር አልኩት።

"ግን ታውቂዋለሽ። በይ ተቀመጪ።"

ያሰበው እንዲህ ነው። ሰባቱን ግጥም በቅኔ ቤት ወግ በቃሌ እስክወጣ ደብተሩ ይቆያል፤ ከዚያ ራሱ ያቃጥለዋል። ዳዊት በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ እንደሚደገም ሰባቱን ግጥም ለየዕለቱ ደለደለልኝ፤ የስሙ ግጥም የሰኞ ሆነ። ምነው ራሱ አልያዘውም ትሉ ይሆናል። እኔን ነገ ይወስዱኝ ይሆናል፣ ልጅን ግን የሚጠረጥር የለም አለ። ደግሞም ደብተር ያለው ልብ ይሰንፋል፤ እርሱ ካላየ ሦስት መስመር አይዘልቅም ነበር። እኔ ደግሞ የሰማሁትን የማልጥል ጉድ ነበርኩ።

በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት እርሱ ይላል፣ እኔ እቀበላለሁ። አንዲት ፊደል ከጎደለች ከመጀመሪያው ነው። ሌላ ጊዜ ቁስለኛ ልጅ አባብሎ የሚያሽገው ያ ሰው እዚህ ላይ እንደ ቅኔ መምህር ጨካኝ ሆነ። የረቡዕ ግጥም አንዷ ስንኝ አልያዝ ብላኝ አልቅሻለሁ። ሰውዬው በደነዘዘ ጣቱ የጻፈውን አንቺ በሞቀ ምላስሽ መያዝ ያቅትሽ ሲለኝ እልህ ያዘኝ። በማግስቱ የረቡዕን ያለ አንዲት ግድፈት አልኩለት፤ ሐሙስን፣ ዓርብንና ቅዳሜንም በዚያው እልህ ወጣኋቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። የኮሪያኛው ዓረፍተ ነገር ሁሉ "ዳ" ብሎ ነው የሚያልቀው። ይህ ደግሞ ለሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ የተፈጠረ ይመስላል፤ በአንድ እግሬ ዘልዬ "ዳ" ላይ ሳርፍ ይጥመኛል። መጀመሪያ በልቤ ነበር የምለው፣ ኋላ ከአፌ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩ ሴት ልጆች ሁሉ "ዳ! ዳ!" እያሉ ይዘሉ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ሙላት፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ ቆሞ ሲያየን ቆየና ይህ የምን ቋንቋ ነው አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጓደኛዬ ጥሩዬ፣ የሺን አባቷ ነው ያስተማራት አለችው። ክው አልኩ። ሙላት ራሱን ነቅንቆ ወደ ቀበሌ አቀና።

ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ለጠላ የሚሆን አሻሮ እያመሰች ነበር፤ ቤቱ በእህል ሽታ ታፍኗል። አልተቆጣችኝም፣ አልመታችኝም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ደብተሩን ከተደበቀበት የዱቄት ዕቃ ውስጥ አወጣችና ገጽ በገጽ ከአሻሮው ምጣድ ሥር ትማግደው ጀመር። የእሑዱን ግጥም ገና አልጀመርኩትም ነበር። የእሑዱ ቀርቶኛል ብዬ ክንዷ ላይ ተንጠለጠልኩ፤ ገፍትራ ጣለችኝ። ሽፋኑ ሲነድ ቤቱን አንዳች ክፉ ሽታ ሞላው።

ሰዓት ሳይሞላ ሙላት ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ፍራሹን ቀደዱ፣ ሣጥኑን ገለበጡ፣ ዱቄቱን ደፉት። ምንም የለም። ከመሐላቸው በዕድሜ የሚበልጠው ሰውዬ ጠራኝና አባትሽ ያስተማረሽን እስቲ በይ አለኝ። እናቴን አየኋት። አሻሮዋን ታምሳለች፣ ቀና አትልም። የምለው ነገር አባቴን ሊያስወስደው እንደሚችል አውቃለሁ። በር ላይ ወጣሁ፣ መሬቱ ላይ ሰኞ ማክሰኞ አሰመርኩ፣ በአንድ እግሬ ቆምኩና የሰኞን ግጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየዘለልኩ አልኩት። አንዲት መስመር አልረገጥኩም። ሰውዬው ሳቀ። ለልጆች ጨዋታ ነው እንዴ ያደከምከን ብሎ ሙላትን ዘለፈውና ሄዱ።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ የተደፋውን ዱቄት አይቶ ነገሩ ገባው። ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አመዱን በእንጨት ነካካ። እናቴ ፊት ለፊቱ ቆመች።

"ወረቀቱን አቃጥዬዋለሁ። ልጅህ ይችውና፤ አደራህን ከእርሷ ተቀበል" አለችው።

አባቴ ሐምራዊ ጣቶቹን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆየ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ተቀመጠና ከሰኞ ጀምሪ አለኝ። ስድስቱን አወረድኩለት። እሑድ ላይ ቆምኩ። እርሱም የኮሪያኛውን ድምፅ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ ከሁለት ቃል አላለፈም። ትርጉሙ ግን ከራሱ ልብ የወጣ ነውና አልጠፋበትም። የእሑዱን በአማርኛ ያዝኩት፦

አባቴ የሠራው ጋን ተሰበረ፤
ስባሪው ዝናብ አቆረ፤
ጎረቤት መጥታ እጇን ታጠበችበት።
ተሰብሮም ሥራ አልፈታም።
እኔም ነገ በጠዋት እነሣለሁ።

በማግስቱም ተነሣን። አባቴ እንደ ወትሮው ከጓሮ ጠራኝ፤ የዕለቱን አልኩለት። ደርግ እስኪወድቅ፣ ከዚያም አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድም ሳምንት አልዘለልኩም። ነርስ ሆኜ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ምጥ ይዞኝ ሳይቀር ብያቸዋለሁ። አባቴ ሲሞት የተጸጸተው በአንድ ነገር ነበር፤ አደራውን ለባለቤቱ ሳላደርስ ሄድኩ አለ።

ዛሬ ጊዜው ሌላ ነው። አባቴ ኮሪያ ዘማች ነበር ብል ሰው ይነሣልኛል እንጂ በሬን የሚደበድብ የለም። ወረቀትም የሚፈራ የለም፤ ቆሎ ይጠቀለልበታል። ልጄ የኮሪያ ድራማ በስልኳ እያየች ትስቃለች፤ አራት ስንኝ ያዢ ብላት ግን ለምን፣ ስልኬ ውስጥ አለ አይደል ትለኛለች። እኛ ሊገድለን የሚችለውን ነገር በልባችን ተሸክመን አደግን፤ እነርሱ ሁሉም ነገር በእጃቸው ነው። አልቀናባቸውም። ትንሽ ግን አዝንላቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የምሠራበት ሆስፒታል አንዲት ወጣት ኮሪያዊት ሐኪም ለጥቂት ወራት መጣች፣ ዶክተር ሚን የምትባል። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ድፍረት አግኝቼ የሰኞውን አልኩላት። በእንግሊዝኛ ስታወራኝ የነበረችው ልጅ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ሁሉም አልገባትም፤ የድሮ የገጠር አነጋገር ነው፣ አንዳንዱንም የእኔ ምላስ ጎንደሬ አድርጎታል። መምህር ሃንን በስልኳ ፈለገች፣ አገሯ ደውላ አስተማሪዎቿን ጠየቀች። የታተመ መጽሐፍ የለውም፤ የሚያውቀውም አልተገኘም። ለወዳጆቹ ያደላቸው ግልባጮች የት እንደወደቁ እንጃ።

"የለም፣ ሲስተር" አለችኝ አዝና።

"አለ እንጂ። ተቀመጪ" አልኳት።

በስልክሽ ቅጂው አልኳት፣ ቀዳች፤ ግን በቃልሽም ትይዣለሽ ብዬ አስገደድኳት። በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር እኔ እላለሁ፣ እርሷ ትቀበላለች። አንዲት ቃል ያልገባኝ ሴት ኮሪያዊትን በገዛ ቋንቋዋ አስተማርኩ። እሑድ ላይ ስንደርስ በኮሪያኛ የለኝም፣ በእንግሊዝኛ ልተርጉምልሽ አልኳት። የለም፣ አማርኛውን እንደ አንቺ ሳይገባኝ ልያዘው አለች። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛት፣ ሻንጣዋ እግሯ ሥር ተቀምጦ፣ ሰባቱንም አለችልኝ። መጨረሻው ላይ "በጠዋት" የሚለው "ጠ" አልወጣ ብሏት ሦስት ጊዜ ወደቀች። ሦስት ጊዜም አስጀመርኳት። በአራተኛው አወጣችው። ከዚያ አውሮፕላኑ ተነሣ፤ መምህር ሃንም አገሩ ገባ፣ ስድስቱ በእናቱ ቋንቋ፣ አንዱ በአባቴ።