ጠበል የገባው ውሻ

ከተማው ገና እንጦጦ ጫፍ ላይ ሳለ የሆነ ነገር ነው፤ ስንት ዓመት አለፈው። ያንን ውሻ ሳስብ ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ለአንድ ፈረንጅ አናጢ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሰውየው ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ ውሻውን እኔ ላይ ጥሎ ሄደ። «በየቀኑ እስከ ቆዳው ድረስ አበጥረው። ከዋኘ በኋላ ጆሮውን አድርቅለት። ብቻውን መሆን አይችልምና እንዳታስረው» ብሎ ማበጠሪያ ሰጠኝ። እኔ ሞኙ እሺ አልኩ። በሁለት ወር እመለሳለሁ ያለው ሰው ይኸው እንደወጣ ቀረ።

ውሻው ጥቁር ነው፤ ጠጉሩ እንደ በግ የተጠቀለለ። ጎረቤቱ ሁሉ «በግህ መቼ ይታረዳል?» እያለ ያሾፍብኛል። ግቢ ይጠብቃል ብዬ ነበር፤ እሱ እቴ! የመጣውን ሁሉ እጁን እየላሰ ያስገባል። ከሰው ሲለይ ያለቅሳል፣ ስቀመጥ እግሬ ላይ ይተኛል። ቀበና ወንዝ ሳወርደው ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። እንጨት ብወረውርለት ዘሎ ይገባና ሳያኝከው ያመጣልኛል። ወደድኩት፤ ምን ላድርግ።

በበጋው ንፋስ ጠጉሩ ደረቀ። ባለቤቴ አይታው፣ «ምስኪን፣ ቅቤ አጥቶ እኮ ነው» አለች። እውነቷን መሰለኝ። ለራሳችን እንደምናደርገው ለጋ ቅቤ ከአናቱ እስከ ጭራው ቀባነው። ከዚያማ ጉድ ፈላ! አቧራውና አመዱ ከቅቤው ጋር ተለውሶ ጠጉሩ ጓጎለ፤ ማበጠሪያው አልገባ አለ። ቆዳው ከሥር ቆሰለ። ሲያክ ይውላል፣ ራሱን ይነክሳል። ወንዝ ልወስደውም ጊዜ አጣሁ፤ አጣሁ እላለሁ እንጂ ሰንፌ ነው።

አንድ ጠዋት አብሮኝ ሲሄድ ጠበሉ ጋ ደረስን። ውሃው ሲንፏፏ ሰማና አመለጠኝ። ጠበል ጠባቂው መነኩሴ ለበሽተኞች እየቀዱ ሳለ ዘሎ መጠመቂያው ውስጥ ገባ።

«ረከሰ! ጠበሉ ረከሰ!» ሕዝቡ ጮኸ። ዱላ ተነሣ፣ ድንጋይ ተለቀመ። ግን ማን ጠበል ውስጥ ድንጋይ ይወረውራል? ውሻ ያለበትስ ማን ይገባል? ዳር ዳሩን ከበው ቆሙ። እሱ ደግሞ ማሳከኩ ለቆት ወዲያ ወዲህ ይዋኛል። ከወር ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አላየሁትም ነበር።

«አባ፣ እባክዎ፣ እንስሳ ነው፤ ምን ያውቃል? ይዤው ልሂድ» አልኩ።

«በል ጥራውና ይዘኸው ሂድ። የሚነካው የለም» አሉኝ። ይህን ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ማንም ቢክድ ግድ የለኝም።

አመንኳቸው። «ና!» አልኩት።

መነኩሴው በድንጋጤ የጣሉት ቅል ውሃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር። በአፉ ይዞት ወጣና እግሬ ሥር አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጭራውን እየቆላ። የመጀመሪያው ዱላ ያን ጊዜ አረፈበት። ገብቼ ልከልለው ስል ሁለት ሰዎች ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ። መነኩሴው ፊታቸውን አዙረው ዳዊታቸውን መድገም ጀመሩ።

እሳቸውን እስክሞት ይቅር አልላቸውም። ግን ውሃው ውስጥ ቢቆይ ኖሮ ማንም አይደፍረውም ነበር። የጠራሁት እኔ ነኝ።