ትልቁን ጥሩምባ የሚነፉት ሽማግሌ

ትልቁን ጥሩምባ የሚነፉት ሽማግሌ ወደ ባንዱ መለማመጃ አዳራሽ ሦስቱን ፎቅ ሲወጡ በየመታጠፊያው ቆመው ያስላሉ። የካፖርታቸው አንዱ ቁልፍ ቀለሙ ሌላ ነው፤ የተተከለውም በወንድ እጅ መሆኑ ያስታውቃል። የጽዳት ሠራተኛዋ ይህን የምታየው ከመጥረጊያዋ ቀና ሳትል ነው።

ዛሬ የባንዱ መሪ ገና ሳይቀመጡ ያዛቸው። “ጋሼ፣ ይህ ሙዚቃ ለቫዮሊን የተጻፈ ነው። ቫዮሊን ደግሞ ሳንባ የለውም። እጄን ሳላወርድ የመጨረሻዋን ድምፅ ካቋረጡብኝ ወንበርዎን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።”

“ሳንባ ስለሌለው አይደል እኛን የጠራኸን?” አሉ፤ ባንዱ ሳቀ።

ዜማው ቅኝቱ ዝቅ፣ እርምጃው ቀስ ብሎ እንደ አስከሬን ሸኚ መጣ። መጨረሻው ላይ ሌሎቹ አንድ በአንድ ዝም ሲሉ የሽማግሌው ድምፅ ብቻውን ቀረ። መስኮቱ ነዘረ፤ ወለሉ በጽዳት ሠራተኛዋ ጫማ ሥር ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ከሚያስል ደረት ይወጣል ብሎ ማን ያምናል? መሪው ራሱ ማስቆሙን ረስቶ እጁን እንደ ሰቀለ ቀረ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእጁ ላይ ሳይነቅሉ ይነፋሉ።

በዚያ አዳራሽ ተናግራ የማታውቀው ሴት ጮኸች። “እጅዎን ያውርዱ እንጂ! ሰው ሊገድሉ ነው!”

እጁ ወረደ። ሽማግሌው ጥሩምባውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ወደ እሷ ዞሩ።

“ተዪው ልጄ፣ ገና ትንፋሽ ነበረኝ።”