ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ

ያን እሑድ ጠዋት በርበሬ በረንዳ ላይ የነበርን ሰዎች ሁሉ አልቅሰናል። መጀመሪያ ያለቀስነው ግን ከሐዘን አልነበረም። ይህን ለሰው ስናገር ፊቱን ያጨፈግግብኛል፤ የሚያምነኝ ያን ገበያ የሚያውቅ ብቻ ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ የምሥራቁ ጦርነት የጋለበት። ወንድሜ ከእኔ በጥቂት ዓመት ይበልጣል። አባታችን ከሞተ ወዲህ የእናታችንን የበርበሬ ሱቅ ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነበር። ከገጠር የሚመጣውን ዛላ በርበሬ ይቀበላል፣ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል፣ በተረፈው ጊዜ ደግሞ እኔን ይነዘንዘኛል። አንድ ጉድለት ነበረበት፤ በርበሬ አይችልም። ጆንያ በተከፈተ ቁጥር ሲያስነጥስ ድምፁ ከኛ ሱቅ ተነሥቶ ገበያው ማዶ ድረስ ይሰማል እያልን እንስቅበት ነበር። የበርበሬ ነጋዴ ሆኖ እንዲህ መሆኑን እሱም እየሳቀ ነበር የሚናገረው።

ቀበሌ ለሚሊሺያ መዝግቦት ነበር። እናቴ በዚያ ሰሞን እህል አይወርድላትም፣ እንቅልፍ አይወስዳትም። የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ስትመላለስ ከረመችና በመጨረሻ ሰውየው፣ በእሑዱ ልምምድ ጎበዝ ሆነው የተገኙት ለገበያው ጥበቃ እዚሁ ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ግንባር ይሄዳሉ አላት። እየሮጠች ነው ቤት የገባችው። ወንድሜን ፊቷ አስቀመጠችና፣ «ልጄ፣ ያሉህን አድርግ። ተኛ ካሉህ ተኛ፣ ተነሣ ካሉህ ተነሣ። እንደ ልማድህ እንዳትከራከር» አለችው። እሱ ሳቀባት፤ ስሸጥ እንጂ ስተኛ ተከራክሬ አላውቅም አላት።

ልምምዱ፣ ጠላት ገበያውን ሊይዝ መጣ ተብሎ፣ ከምሽግ ሆኖ መከላከል ነበር። ጠመንጃው ከእንጨት የተጠረበ ነው። ለምሽጉ አሸዋ ይመጣል ተብሎ ቅዳሜን ሙሉ ተጠበቀ፤ መኪናው ቀረ። ሊቀመንበሩ አመሻሹ ላይ በየሱቁ እየዞረ፣ ጆንያ ከሆነ እናንተ ዘንድ ሞልቷል፣ ጠዋት በርበሬያችሁን አውጡና ደርድሩት፣ በእንጨት ጠመንጃ ምን ይሆናል አለ። ነጋዴዎቹ የተጨነቁት ስለ ሌባ ነበር። ሜዳ ላይ ሲውል ማን ይጠብቀዋል ብለው አጉረመረሙ። ስለ ጥይት ያሰበ የለም። ለምንስ ይታሰባል?

ደረቅ በርበሬ አንሥቶ የማያውቅ ሰው ጆንያውን ሲያየው ይፈራዋል። እስኪወጠር ድረስ ረግጠን ስለምንሞላው ከሩቅ ስሚንቶ የታጨቀበት ይመስላል። ውስጡ ግን ቅርፊትና ፍሬ ነው፤ የቀረው አየር። እኔ ራሴ ያኔ ቀጭን ልጅ ሆኜ አንዱን ብቻዬን ሱቅ አስገባ ነበር።

እሑድ ጠዋት ጆንያው ከበረንዳው ፊት ለፊት ተደርድሮ ደረት የሚደርስ አጥር ሆነ። ተለማማጆቹ በሰልፋቸው ተራ ቦታ ቦታቸውን እንዲይዙ ተነግሯቸዋል። ገና «ምሽግ ያዝ!» ሲባሉ ግን ሁሉም ተሯሩጦ ከገዛ ቤቱ ጆንያ ጀርባ ተኛ። እኛ ዘንድ ሜዳ ላይ የወጣ ጆንያ ያለ ባለቤቱ አይተውም፤ ልጅነታችንን የጨረስነው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ነው። ወንድሜም እናቴ አፋቸውን በቀይ ክር ከሰፋቻቸው ጆንያዎች ጀርባ ገባ፤ ሳይተኛ በፊት አንዱን መታ መታ አደረገው። እናቴና እኔ ከሱቃችን ደጃፍ ሆነን እናያለን። «አየሽው፣ ከሁሉ ቀድሞ ተኛ» አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር።

አሠልጣኙ አርፍዶ መጣ። ከጦር ሠፈር የተላከ መኮንን ነው፤ ያነገተው ክላሽ የእውነት ነው። ሊቀመንበሩ ምሽጉ ዝግጁ መሆኑን ነገረው፤ ከምን እንደተሠራ ግን አልነገረውም። አሸዋው ቀረብን ብሎ በእንግዳ ፊት ማፈሩን አልወደደም መሰለኝ። መኮንኑ የእንጨቱን ጠመንጃ አይቶ ፈገግ አለ። ግንባር የሚሄድ ሰው ጆሮው ጥይት ይልመድ፣ ምሽግ ነፍስ እንደሚያድንም ዛሬ ይወቅ፣ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ አለና ክላሹን ወደ ጆንያዎቹ አዞረ።

ከደጃፍ የቆምነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኽን። በርበሬ ነው የሚል አለ፣ ወየው የሚል አለ፣ የልጁን ስም የሚጠራ አለ፤ ጩኸታችን ተደበላልቆ ለመኮንኑ የሴቶች ፍርሃት ብቻ ሆኖ ነው የደረሰው። ወደ እኛ ዞሮ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ለስለስ አድርጎ፣ «አትፍሩ እናቶቼ፣ ምሽግ ውስጥ ናቸው» አለ። ሊቀመንበሩ ከጎኑ ነበር። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። እስከ ዛሬ ያ አፍ ሕልሜ ውስጥ ይመጣል።

የተኩሱን ድምፅ አላስታውስም። የማስታውሰው ቀዩን አቧራ ነው። ከጆንያዎቹ ቡን ብሎ ወጣና ሜዳውን ሸፈነው። ሁላችንም ማስነጠስ ጀመርን። መኮንኑ ራሱ ክላሹን ጥሎ ዓይኑን በሁለት እጁ ያሻል። ተለማማጆቹ እየሳሉ፣ ንፍጣቸውን እየጠረጉ ከምሽጉ ይወጣሉ፤ ሰዉ እንባው እየወረደ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ ማታ ይህን እንዴት አጣፍጦ እንደሚያወራው እያሰብኩ ነበር የምስቀው።

እናቴ አልሳቀችም። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና፣ «ወንድምሽ አላስነጠሰም» አለችኝ።

በዚያ ሁሉ ሳልና ጫጫታ መሃል ጆሮዋ እሱን ብቻ ሲፈልግ ነበር። ሮጠች፤ ተከተልኳት። በቀይ ክር ከተሰፉት ጆንያዎች ጀርባ በደረቱ እንደተኛ ነው፤ እንደታዘዘው ራሱን ዝቅ አድርጎ። ጀርባው በርበሬ ለብሷል። እናቴ አቧራውን ልታራግፍለት እጇን ሰደደች፤ እጇ ርሶ ተመለሰ።

አእምሮዬ አልቀበል አለኝ። ደነገጥኩ ማለት አይገልጸውም። ቆሜ ሱቃችንን አየሁ፤ በሩን፣ ሚዛኑን፣ እሱ የሚቀመጥበትን ዱካ። ከዚያ ሆኜ ብጠራው ይሰማኛል። ሰው ጦር ሜዳ ሄዶ ነው እንጂ ሱቁ ፊት ለፊት እንዴት በጥይት ይሞታል? አፌን ከፍቼ የቀረሁት በርበሬው እየገባብኝ ነው፤ ግን መዝጋት አልቻልኩም።

በማግስቱ ከቀብር ስንመለስ ጆንያዎቹ ደጃፋችን ላይ ተደርድረው ጠበቁን። የቀበሌ ጥበቃዎች ንብረታችን እንዳይጠፋ ብለው መልሰዋቸው ነው። በአንድ ወገን ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ በሌላው ወገንም እንዲሁ፤ ፍሬው እየተንጠባጠበ መሬት ላይ ይከመራል።

ሊቀመንበሩ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ለለቀስተኛው ተናገረ። ጓዱ ለእናት አገሩ ሲል በግንባር ወደቀ አለ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቃል፤ ቃል ያወጣ ግን የለም፤ ጊዜው ቃል የሚወጣበት አልነበረም። ከአገር ቤት ገና የደረሰችው አክስታችን ብቻ አላወቀችም። ወደ እናቴ ጠጋ አለችና የትኛው ግንባር ላይ እንደወደቀ ጠየቀቻት።

እናቴ ቀና ብላ ሊቀመንበሩን አየችው። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«ግንባር አልሄደም» አለች። «ጥሩ አድርጎ ስለተኛ እዚሁ አስቀርተውልኛል።»