ለጓሮው ኩሬ የመረጥኩት ዓሣ

አምቦ ተከራይቼ የኖርኩበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። መንግሥት ከተለወጠ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ከደሴ መጥቼ ባዮሎጂ ማስተማር የጀመርኩት በዚያው ዓመት ነበር፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ገና ወራት ቢሆኑኝም አለማወቄን ማሳየት የሞት ያህል ይከብደኝ ነበር። ተማሪ የማላውቀውን ጥያቄ ሲጠይቀኝ «እሱ በሚቀጥለው ምዕራፍ ይመጣል» እለው ነበር። ምዕራፉ ግን አይመጣም።

ጋሼ መዝገብ የለመደ እጃቸው ሥራ ሲፈታ አካፋ ያዘ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከኮክ ዛፎቹ ሥር፣ ርዝመቱ ስምንት እርምጃ፣ ጥልቀቱ እስከ ወገብ የሚደርስ ኩሬ በራሳቸው ጉልበት ቆፈሩ። ከላይኛው ሰፈር በየጓሮው እየዞረ የሚወርደውን ቦይ በአንድ ጥግ አስገብተው በሌላው አስወጡት። ከዚያ ደንዲ ሐይቅ ድረስ ሄደው ሃያ ምናምን የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት በባልዲ ይዘው መጡ። ከጊንጪ እስከ አምቦ ባልዲውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ አውቶቡሱ በነገጫገጨ ቁጥር ውሃው ሱሪያቸው ላይ እየፈሰሰ ነበር የተጓዙት። ባለቤታቸው እትዬ ይህን ሲያወሩ በሳቅ እንባቸው ይወርድ ነበር። «ልጆቹን ወልጄ ስመጣ እንኳ እንዲህ አልታቀፋቸውም» ይላሉ።

ጋሼ ጠዋትም ቀትርም ከሰዓትም ዱካ ላይ ተቀምጠው ፉርሽካ በጣሳ ይበትናሉ። ዓሦቹ የእግራቸውን ኮቴ ለይተው ያውቁት ነበር፤ እኔ ስመጣ ይሸሻሉ፣ እሳቸው ሲመጡ ግን አፋቸውን እያላወሱ ወደ ላይ ይወጣሉ። ዓመት ሳይሞላ የጎልማሳ መዳፍ አከሉ። የኩሬው ታች ግን በወፍራም ዝቃጭ ተሞላ፣ መሽተትም ጀመረ። ጎረቤት ባይናገርም አፍንጫውን ይዞ ያልፋል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ ጋሼ በረንዳው ላይ በሁለት የጸሎት ቤት ወዳጆቻቸው መሀል ተቀምጠው ጠሩኝ።

«ይኸው፣ የባዮሎጂ መምህርት ቤቴ ውስጥ እያለች ምን አስጨነቀኝ?» አሉ። «ልጄ፣ ከታች ሆኖ ቆሻሻውን እየበላ የሚያጸዳ ዓሣ አለ ይላሉ። የትኛው ነው?»

ሦስቱም አዩኝ። ስለ ዓሣ የማውቀው ግማሽ ገጽ ኖት ነበር፤ ሚዛን፣ ክንፍ፣ ስንጥብ፣ በዚያ ያበቃል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬው የማውቀው የታች ዓሣ አንድ ብቻ ነው፣ አፉ ዙሪያ ሪዝ ያለው።

«አምባዛ ነው» አልኩ። «ሪዙ ጭቃ ውስጥ ምግብ የሚፈልግበት ነው። ሁለት ሦስት አምባዛ ከገባ ታቹ ይጸዳል።»

«አያችሁ?» አሉ ጋሼ ወደ ወዳጆቻቸው ዞረው። ደስታቸው ፊቴን አሞቀው። ውስጤ አንድ ነገር «እርግጠኛ ነሽ?» ቢለኝም ቶሎ ብዬ ክፍሌ ገባሁ።

ቅዳሜ ጉደር ወረድን። ወንዙ ዳር መረብና መንጠቆ ይዞ የሚውል፣ ዕድሜው አርባ የሚሆን ዓሣ አጥማጅ ነበር። የጋሼ የእህት ባል አምቦ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ስለነበረው ዓሣ የሚገዛው ከእሱ ነው፤ ያመላከተንም እሱው ነው። ጋሼ ሰላም ካሉት በኋላ ድልድዩ ላይ አንድ የጥንት ባለጉዳያቸውን አዩ። «አንቺ ምረጪ፣ ሥራው የአንቺ ነው» ብለውኝ ሊያናግሩት ሄዱ።

ሰውዬው ኩሬው ምን ያህል እንደሆነ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም ጥያቄዎቹ የተሰባበሩ አልነበሩም። ነገርኩት። ሦስት አምባዛ እንደምፈልግ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ከቆሮሶ ጋር? አይሆንም ቲቸር። ይበላቸዋል።»

«ጭቃ የሚበላ ዓሣ ነው» አልኩት።

«ጭቃ ውስጥ ይተኛል እንጂ ጭቃ አይበላም» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ከጥልቁ ወጣ ያለ ድንጋይ አገላበጠና በእጁ ጨልፎ አንዲት ከጣት የማትበልጥ ጠቆር ያለች ዓሣ አሳየኝ። አፏ ከሥር ነው። «ይቺን ይውሰዱ። ድንጋይ ትልሳለች። ማንንም አትነካም።»

ሳቅኩ። አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ መጀመሪያ ያ ሳቅ ነው። «ይቺ ደግሞ ምኗ ዓሣ ነው?» አልኩ። ከዚያም ይህን አልኩት፦ «አንተ መያዙን ታውቃለህ፣ እኔ ደግሞ ሳይንሱን አውቃለሁ።»

አባቴ ሊሆን ምን ቀረው? እሱ እርስዎ እያለኝ እኔ አንተ አልኩት። ሰውዬው ትንሿን ዓሣ ቀስ አድርጎ ውሃው ውስጥ ለቀቃትና «እሺ ቲቸር» አለ። ጋሼ ሲመለሱ አንድ ነገር ሊላቸው አፉን ከፈተ፤ እኔ ግን ቀደምኩት። «ጨርሰናል ጋሼ፣ ተስማምተናል» አልኩ። ሦስቱን አምባዛ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ይዘን ተመለስን።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ውሃው ከበፊቱ ደፈረሰ። አምባዛዎቹ ታቹን እያመሱ ዝቃጩን ወደ ላይ አነሡት። ከሰዓት ፉርሽካ ሲበተን ወደ ላይ የሚወጡት አፎች አነሱ። ጋሼ ነገሩን ያያያዙት ጠዋት ጠዋት የኮክ ዛፉ ላይ ከሚያርፍ አንገተ ረጅም ወፍ ጋር ነው። በኩሬው ላይ ገመድ እየወጠሩ ጨርቅ አንጠለጠሉ፤ ዱላ ይዘውም ይቀመጡ ጀመር። እኔ በመስኮቴ አያቸው ነበር። ጡረተኛ ሰው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ ያላጠፋ ወፍ ሲጠብቁ።

በሦስተኛው ሳምንት የአምቦ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አገላበጥኩ። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፣ ከእሱ ያነሰ ዓሣንም ጭምር፤ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። መጽሐፉን ዘግቼ ቦታው መለስኩትና ወደ ቤት ሄድኩ። ጋሼ በሩ ላይ «ዛሬ ስድስት ብቻ አየሁ» አሉኝ። «አይዞዎት፣ ተደብቀው ይሆናል» አልኳቸው። ያን ጊዜ እያወቅኩ ነው።

በመጨረሻ የነቁት እትዬ ናቸው። «ወፏ ድሮም ነበረች። ዓሦቹ ማለቅ የጀመሩት እነዚህ ሪዛሞች ከመጡ ወዲህ ነው» አሉ። ጋሼ ዱላቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ «እንግዲያው ዓሣ አጥማጁ አውቆ ነው የሸጠልን» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ሽንኩርትና ድንች እንድገዛላቸው ጉደር ገበያ ከጋሼ ጋር ላኩኝ። ዓሣ አጥማጁ የያዛቸውን ዓሦች ቅጠል ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ጋሼ ቀጥ ብለው ሄዱ። በባለጉዳይና በዳኛ መሀል ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጮኸው አያውቁም ነበር። ያን ቀን ጮኹ።

«አምባዛው ዓሦቼን የሚጨርስ መሆኑን እያወቅህ ለምን ዝም አልክ? ሰው እንዴት እያወቀ ዝም ይላል?»

ሰው ተሰበሰበ። ሰውዬው ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር፤ ዓይኑ የሚጠብቅ ዓይን ነበር፣ ተራው የእኔ መሆኑን አውቆ የሚጠብቅ።

ጋሼ ዓይኑን ተከትለው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ነግሮሽ ነበር?»

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ሽንኩርቱን የያዝኩበት ዘንቢል እጄን ይቆርጠኛል፣ አንድ ተማሪዬ ከሰው መሀል ሆኖ ያየኛል።

«አልነገረኝም» አልኩ።

«ሌባ!» አሉት ጋሼ። ሰዎች ሳቁ። ሰውዬው ዓሦቹን በቅጠሉ ጠቅልሎ ከገበያው ወጣ። በዚያ ሳምንት የምግብ ቤቱ ባለቤት ከእሱ መግዛት ማቆሙን ሰማሁ። በክፍሌ ውስጥ ሆኜ «አሁን ብናገር ምን ይጠቅማል፣ ሆኗል» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ምሳዬን ግን ከእነሱ ጋር መብላት አቃተኝ፤ ፈተና ማረም አለብኝ እያልኩ ሳምንቱን ገፋሁት።

ቅዳሜ ጋሼ ቦዩን ዘግተው ኩሬውን በባልዲ ማድረቅ ጀመሩ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ገብቼ አብሬ ቀዳሁ፤ መቅዳቱ ቅጣት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ታቹ ሲደርቅ ሦስቱ አምባዛ ጭቃው ላይ ሲንፈራገጡ ተገኙ፣ ሲመጡ ከነበሩት እጥፍ ሆነዋል። ከቆሮሶዎቹ የቀሩት አራት ናቸው። እትዬ አንደኛውን አምባዛ እዚያው ሣር ላይ ሆዱን ሲሰነጥቁት ያልተፈጨ ቆሮሶ ወጣ።

ጋሼ ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔኮ የሚገርመኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሰው እያወቀ እንዴት ዝም ይላል?»

«ዝም አላለም» አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ነግሮኛል። ይበላቸዋል ብሎኛል። ሌላ ዓሣም አሳይቶኝ ነበር።»

እትዬ ቢላውን አስቀመጡ። ጋሼ ወዲያው አልገባቸውም፤ ፊታቸው ላይ ነገሩ ቀስ በቀስ ሲገባቸው አየሁት።

«ገበያ ላይ ስጠይቅሽስ?»

እግሬ ሥር ያለውን ባልዲ አነሳሁ።

«ልጅ ናት፣ ተዋት» አሉ እትዬ።

«እንዴት እተዋታለሁ? ያን ሰው በአገር ፊት ሌባ ብዬዋለሁ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «አላውቅም ብትይኝ ምን እልሽ ነበር? ምን እልሽ ነበር ልጄ?» አሉኝ። እስካሁን ያንን ጥያቄ ስሰማው የምሸሽበት ጥግ ይጠፋኛል።

ማግስቱ እሑድ ነበር። ጋሼ ጸሎት ቤት አልሄዱም፤ እኔን ይዘው ጉደር ወረዱ። ዓሣ አጥማጁን ከድልድዩ በታች አሸዋ ሲጭን አገኘነው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና በኦሮምኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። እኔ የለየሁት «ዲፋማ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፣ ደጋግመው ብለውታል። ይቅርታ ማለት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። የእሳቸውን ጥፋት ሳይሆን የኔን ነበር ተሸክመው የቆሙት።

ተራዬ ሲደርስ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። ከዚያ በላይ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«እሺ ቲቸር» አለ። አልተቆጣኝም፣ ፈገግም አላለልኝም። አካፋውን አሸዋው ላይ ሰክቶ ከጋሼ ጋር ማውራት ጀመረ። በቀን ስንት ጊዜ ፉርሽካ እንደሚሰጡ ጠየቃቸው፤ ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት ሲሉት የጣሳውን ልክ በእጁ እያሳየ ስንት እንደሚሞሉት ጠየቀ። ከዚያ ለእኔም እንዲገባኝ ይመስለኛል በአማርኛ አለ፦

«አባቴ፣ ኩሬውን ያቆሸሸው ምግቡ ነው። የማይበሉት ሁሉ ታች ይበሰብሳል። ኩስ የሚበላ ዓሣ እኔ አላውቅም። ቀን አንዴ ይስጡ፣ ተሻምተው የሚጨርሱትን ያህል። ትንሿ ዓሣ ድንጋዩ ላይ ያለውን አረንጓዴ ትልሳለች እንጂ የሰው ሥራ አትሠራም። ደግሞ የሚወርድ ውሃና ድንጋይ ትፈልጋለች፤ ቦዩ የሚገባበት ጋ ድንጋይ ይደርድሩላት።»

ማንም የትኛው ዓሣ ይሻላል ብሎ አልጠየቀኝም። ሁለቱ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገብተው ድንጋይ እያገላበጡ ትንንሾቹን ዓሦች ሲለቅሙ እኔ ዳር ቆሜ ባልዲ ይዤ ነበር። ካመጣናቸው ውስጥ ጥቂቶቹ ሞቱ፣ ብዙዎቹ ለመዱ። ውሃው በጊዜ ብዛት ጠራ። የጋሼ የእህት ባል እንደገና መግዛት ጀመረ፤ ሆኖም ሰውዬው ሁለተኛ ጉደር ገበያ ላይ ዓሣ ዘርግቶ ሲሸጥ አላየሁትም። የተባለ ቃል ከተሰማበት ሁሉ ተለቅሞ አይመለስም።

ጋሼ አልጨከኑብኝም። ቡና ሲጠጣ ይጠሩኛል፣ ስለ ትምህርት ቤት ይጠይቁኛል። አንድ ነገር ግን ቀረ፤ እንግዳ ሲመጣ «መምህርቷን ልጥራላችሁ» አይሉም። በዓመቱ መጨረሻ ዝውውር ጠይቄ ጌዶ ደረሰኝ። ያስገደደኝ የለም፣ በራሴ ፈቃድ ነው። ያንን በረንዳ ማለፍ ስላቃተኝ ነው።

ዕቃዬ ሲጫን ጎረቤቶች ወጥተው ለምን እንደምሄድ ጠየቁ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ መለሱላቸው። «ጌዶ የባዮሎጂ መምህር አጥተው ለመኗት፣ እምቢ ማለት አቃታት» አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል አንድ ፊደል ሳያዛቡ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው፣ ለእኔ ሲሉ በጎረቤት ፊት ዋሹ። ጎረቤቶቹ አመሰገኑኝ፣ መረቁኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩና መኪናው ላይ ወጣሁ።