ሰባተኛው ወረቀት

የሬዲዮው ክፍል ግድግዳ ላይ ያለውን የእንቁላል ካርቶን በሚስማር የመታሁት እኔ ነኝ። ሌላ መነሻ ስለማላውቅ ከዚያ ልጀምር።

ልጆቹ ጣቢያው ዐሥር ዓመት ሞላው፣ መጽሔት እናወጣለን፣ እርስዎም ይጻፉ አሉኝ። እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩትም ፀጉሬ ከሸበተ ነው። «እኔ ምን አውቄ» ብላቸው፣ «እኛ አራት ዓመት ተምረን እንሄዳለን፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ሰው ከእርስዎ በቀር ማን አለ?» አሉኝ። እሱስ እውነት ነው። እነሱ ይመረቃሉ፣ እኔ እቀራለሁ። እንግዲህ ይኸው፤ የሳትኩት ካለ የሚያውቅ ያርመው።

ስሜ ፈንታነሽ ነው። አገሬ ከገሳይ ወዲያ፣ ከመኪና መንገዱ ተወርዶ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ነው። ባሌ ሲሞትብኝ ደብረ ታቦር ገባሁ፤ ኮሌጁ ሲከፈት በጽዳት ተቀጠርኩ።

ሬዲዮው መጀመሪያ ሬዲዮ አልነበረም። ምሕረትአብ የሚባል የኤሌክትሪክ ተማሪ አንድ አሮጌ ሞንታርቦ የምግብ አዳራሹ በር ላይ ሰቅሎ፣ በምሳ ሰዓት ዘፈንና ማስታወቂያ ያሰማ ነበር። ድምፁ ይንኮሻኮሻል። ተማሪው «ኧረ ይኼ ልጅ ሽሯችን ውስጥ ጠጠር ጨመረበት!» እያለ ይቀልድበታል። እሱ ግን አልተወውም። ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ቢሮ ሲመላለስ ከርሞ ፈቃድ አወጣ፣ የተሰበረ ወንበር የሚከማችበትንም ክፍል አስፈቀደ። ወንበሩን አብረን አወጣነው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን እንደ ዋሻ ያስተጋባል።

«እትዬ ፈንታ፣ የእንቁላል ካርቶን ከየት ይገኛል?» አለኝ።

«ምን ልታደርገው? ዶሮ ልታረባ ነው?»

«ግድግዳው ላይ ሲደረግ ድምፅ ይውጣል።»

ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። ብቻ ቁርስ ቤቱን ሁሉ ዞሬ ለመንኩ። አንድ ወር ሙሉ ካርቶን ተሸክሜ ሳልፍ የከተማው ሰው ምን እንዳለኝ እኔና እግዜር እናውቃለን። መጀመሪያ በሊጥ ለጠፍኩት፤ አይጥ ሊጡን ሊበላ መጥቶ ካርቶኑንም አነካክቶ ጨረሰው። እንደገና ለምኜ በሚስማር መታሁት። እሱ ነው እስከ ዛሬ ያለው።

ከዚያ በኋላ የልጆቹ ሥራ እየሰፋ ሄደ። ማክሰኞ የእርሻ ተማሪዎች ስለ ድንች በሽታ ያወራሉ፤ ገበሬው ስልክ ይደውላል፣ አንዳንዴም ተማሪውን እሱ ያስተምረዋል። ቅዳሜ የገበያ ዋጋ አለ። ሐሙስ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጡ ልጆች በየቋንቋቸው ለእናት ለአባታቸው ሰላምታ ይልካሉ። ሬዲዮው ገሳይን እንኳ በቅጡ አያልፍም፤ ሰላምታው ከየት ይደርሳል? ቢሆንም ልጆቹ ተናግረው ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነው። እኔ ሐሙስን እወዳለሁ።

ከሁሉ ግን የሚሰማው የቀትሩ ማስታወቂያ ነው። ግቢው በር ላይ አፉ የተቀደደ ካርቶን አለ። በቅሎ የጠፋበት፣ መታወቂያ የወደቀበት፣ ሰው የሞተበት፣ ወረቀት ጽፎ እዚያ ይከታል። ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲቀር ጥበቃው አያ ዘውዱ ወረቀቱን ይቆጥርና ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ ይጽፋል፤ እኔ ተሸክሜ ለአንባቢው አደርሳለሁ። ልጆቹ እስከዚያ ሰዓት ክፍል ናቸው። አንባቢው እየሮጠ ይመጣል፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያወጣ እዚያው ያነባል። አስቀድሞ የሚያየው ሰው አልነበረም።

ስድስት ዓመት ያን ካርቶን ስሸከም አንዱንም አላነበብኩም፤ አልችልማ። በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። አስተማሪያችን «ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ» አለን። እኔ የማገኘው ያንን ነው። ከክፍሉ ጀርባ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ሁለቱን አውጥቼ ፊደሉን እቆጥር ጀመር። የሰው ወረቀት ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ መጻፌ ነው።

አሁን ስለ ዮርዳኖስ። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፣ የገሳይ ልጅ፣ የቀትሩ አንባቢ። አባቷ መሪጌታ ባንተአምላክ ዜማ ያስተምራሉ። በመስከረም ድንች በኩርቱ ይዘው መጡና መጀመሪያ ያገኙት እኔን ነበር።

«ልጄ እምትናገርበት ቤት የቱ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። በመስኮት ወደ ውስጥ አይተው፣ «እንዲያው ይኼ ሁሉ የእንቁላል ቤት! ታዲያ ዶሮዋ እሷ ናታ!» ብለው ሳቁ።

«አባቴ፣ ከዚያ ሆነው ይሰማሉ?»

«ስድስት ሰዓት ሲሆን ትምህርቱ ይቆማል። ተማሪዎቼ ሬዲዮውን ከብበው ይቀመጣሉ። እኔ የዜማ ስሕተት እሰማ እንደሆነ ነው የማዳምጣት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የአገሬ ሰው ነሽ አሉኝ። እናት የላትም። አደራ» አሉኝ።

አደራ ከባድ ነው። ተቀበልኩ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው፣ ማክሰኞ ቀን። አያ ዘውዱ ሰባት ብሎ ጻፈ። እንደ ልማዴ ከጀርባ ቁጭ አልኩና አንዱን አወጣሁ። መ፣ ሪ፣ ጌ፣ ታ። መሪጌታ። ባ፣ ን፣ ተ። እየቆጠርኩ ጨረስኩት። መሪጌታ ባንተአምላክ ዛሬ ጧት ስላረፉ፣ ቀብራቸው ነገ በስምንት ሰዓት ስለሆነ፣ ወዳጅ ዘመድ እንዲገኝ። ከዕድራቸው።

እንደገና ቆጠርኩት። በራሴ አላምንም። «ባንተአምላክ» የሚባል ሌላ ሰው ይኖር ይሆን? አንድ ፊደል ስቼ ይሆን? ተሳስቼ ባስቀረው የሰው ቀብር ማስቀረቴ ነው፤ በእኛ አገር ቀብር የቀረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይወቀሳል። ልክ ከሆንኩ ደግሞ ልጅቱ የአባቷን ሞት በገዛ አፏ፣ አገር እየሰማ፣ ልታነበው ነው። የወላጅ ሞት እንዲህ አይሰማም። ሽማግሌ ሄዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው መርዶ የሚነገረው።

«እታለም! የት ገባሽ? ሰዓት ደረሰ እኮ!» የዮርዳኖስ ድምፅ ነው፣ ከበሩ።

ወረቀቱን መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩና ካርቶኑን ሰጠኋት። «ምነው ፊትሽ?» አለችኝ። «ፀሐዩ ነው» አልኳት።

አነበበች። የሐሙሲት ሰው በቅሎ ጠፍቶበታል። የፈተና ቀን ተዛውሯል። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ሌላ ቢኖርስ እያልኩ ነፍሴ ትወጣለች። ስድስቱ አለቀ። «አብሬያችሁ የነበርኩት ዮርዳኖስ ባንተአምላክ ነኝ» አለች። አባቷ ያንን ቃል ሲሰሙ ምን ያደርጉ እንደነበር አሰብኩ።

የጣቢያው ኃላፊ ዮናስ የአዳማ ልጅ ነው፤ ሥራ ላይ ቁጡ ነው። ካርቶኑን አየና፣ «ሰባት ይላል፣ ስድስት ነው የተነበበው። አንዱ የት ሄደ?» አለ።

ኮሪደሩን መጥረግ ያዝኩ። ዮርዳኖስ ደብተሯን እየሰበሰበች እዚያው አለች።

«እትዬ ፈንታ፣ እርስዎን እኮ ነው! የሰው ጉዳይ ነው ይኼ። ጥለውት ነው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

«እኔ እንጃ ማለት ምንድን ነው? ወረቀት ይበላሉ እንዴ?» ሁለት ተማሪዎች ሳቁ። ሰው ሲቆጣኝ መመለስ እንደማልችል ሁሉም ያውቃል፤ ከልጅነቴ ቁጣ ሲመጣ አፌ ይያዛል፣ ሁልጊዜም ያሳፍረኛል። በዚያ ቀን ግን ዝምታዬን አመሰገንኩት።

«ተዋት ዮናስ፣ እታለም እንዲህ አታደርግም» ብላ ዮርዳኖስ ወደ ምሳ ሄደች። እግሯ ኮሪደሩን እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት።

«አንብብልኝ። ተሳስቼ ይሆናል» አልኩት።

አነበበና ወንበሩን ሳያይ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አልተሳሳቱም» አለኝ።

በሕይወቴ ማንበቤ ልክ ነው የተባልኩት ያን ጊዜ ነው። ምነው ተሳስቼ በሆነ ብዬ አለቀስኩ።

ወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክ ደወለ። የዕድሩ ዳኛ «አጎቷ ሙሉሐብት ሊወስዳት መንገድ ላይ ነው። በድንጋጤ ጽፈን ላክነው እንጂ አንባቢዋ እሷው መሆኗን ማን አሰበ! ጉድ ልንሠራ ነበር!» አሉ።

ዮናስ ተነሣ። «እሷ እንደሄደች በዐሥር ሰዓት እኔ አነበዋለሁ» አለ።

«ሚኒባሱስ?» አልኩ። አፌ እንዴት እንደተከፈተ እንጃ። «ሾፌሮቹ እኮ እኛን ነው የሚከፍቱት። መንገድ ላይ ትሰማዋለች።»

አየኝ። «ታዲያ መቼ እናንብበው?»

«እንደ ልማዱ አጎቷ ቤት አድራ፣ መርዶው ነገ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገራት። ከዚያ በፊት አይሆንም።»

«ጣቢያችን እኮ የሚከፈተው በቀትር ነው። ቀብሩ በስምንት ሰዓት፤ በስድስት ብናነበው ማን ይደርሳል?»

«በጧት ክፈቱታ» አልኩት።

አጎቷ በዘጠኝ ሰዓት መጣ። «አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ሊያዩሽ ፈለጉ» አላት። ልብሷን ሳስር አብሬያት ነበርኩ። «እታለም፣ በጣም አሟቸው ይሆን?» ስትለኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «ነጠላ ያዢ፣ ይበርዳል» አልኳት።

በነጋታው እኔና ዮናስ ከክፍሉ ደጃፍ ስልኩን እያየን ቆምን። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን አጎቷ ደወለ። «ተነግሯታል። ሰው ይዟታል» አለ። ልክ በአንድ ሰዓት ጣቢያው ተከፈተ፤ ከተመሠረተ ጀምሮ በጧት ሲከፈት የመጀመሪያው ነው። ዮናስ ሰባተኛውን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበበው። የሰማው ላልሰማው ነገረ፤ ከአንበሳሜ ሳይቀር የደረሰ ሰው አለ። እኔም ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። የመሪጌታ ተማሪዎች በዜማ ሲሸኟቸው ሜዳው ለሰዉ አልበቃም።

ዮርዳኖስ ከአርባው በኋላ ጥቁር ለብሳ ተመለሰች። ተቆጥታ ትሆናለች ብዬ ከባልዲዬ ጀርባ ተደበቅሁ ማለት ይቻላል። ቀጥ ብላ መጣች።

«ያን ቀን ፀሐይ አልነበረም» አለችኝ።

«አልነበረም» አልኩ።

«ዮናስ ሲሰድብሽ እንኳ አልተነፈስሽም።» አንገቴን አቅፋ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ከእንግዲህ የሞት ወረቀት ያለ አንቺ አይነበብም» አለች።

እሷው ጻፈችው፣ በሩ ላይም ለጠፈችው። የሞት ማስታወቂያ ከመነበቡ በፊት ወረቀቱ ወደ ወይዘሮ ፈንታነሽ ይሄዳል ይላል። እኔም ስልኩን አስደውዬ ልጅ አለው ወይ፣ ልጁ የት ነው፣ ተነግሮታል ወይ እላለሁ። አልተነገረም ካሉኝ ወረቀቱ መቀነቴ ውስጥ ይቆያል። እስከ አሁን አርባ አንድ ወረቀት በእጄ አልፏል፤ አንዱም መርዶን አልቀደመም። የጧቱም ፕሮግራም በዚያው ቀጠለ፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይከፈታል። ዮርዳኖስ ዘንድሮ ትመረቃለች።

ይህን ስጽፍ እንኳ አንዱ አዲስ አንባቢ፣ ስሙን ገና ያልለመድኩት፣ ከበሩ አንገቱን አስግጎ ይጠራኛል።

«እትዬ ፈንታ! የዛሬው የገሳይ ወረቀት፣ መርዶው ደርሷል?»

«ደርሷል፣ ልጄ። አንብበው።»